የኦታኪ እጅ

ኢሳቡሮ በሥራ ዘመኑ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተድሯል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ባል ሞቶበታል፤ አራት ጊዜ ከድልድይ ላይ ራሱን ወንዝ ውስጥ ጥሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ፊልም ላይ፣ የሴት ኪሞኖ ለብሶ፣ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ነው። ከፊልም ውጭ ያገባው አንድ ጊዜ፣ የሞተችበትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ስለ ፊልሞቹ ካነሣበት ደስ ብሎት ያወራል። ስለ ሌላው ሲጠይቁት ግን ብድግ ብሎ "ሻይ ልጨምርልህ?" ይላል።

የተወለደው ኪዮቶ፣ ካሞ ወንዝ ዳር፣ ጨርቅ ነካሪዎች ቤት ነው። ለቤቱ አምስተኛ ወንድ ልጅ ነበርና እጁ ገና በቀለም ሰማያዊ ሳይሆን፣ በሰባት ዓመቱ፣ አባቱ ወስዶ ኩራጂ ለሚባል የመድረክ ተዋናይ ሰጠው። ኩራጂ ከተማ ለከተማ እየዞረ የሚያሳይ የአንድ ትንሽ ቡድን ሰው ነበር። የሚጫወተው ሴት ሆኖ ብቻ ነው። በእነሱ ዓይነት ቡድን ውስጥ ሴት መድረክ ላይ አትወጣም፤ ሙሽራዋም፣ አማቲቱም፣ የሻይ ቤቷ ኮረዳም ወንድ ናቸው። ይህንን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ተመልካቹ የሚጠይቀው ሴቲቱ ታስለቅሳለች ወይ ብሎ ብቻ ነው።

ኩራጂ የሚያስተምርበት መንገድ የውዝዋዜ መምህራን ሁሉ የሚያስተምሩበት ነበር። ልጁን ከፊት ለፊቱ ያቆመዋል። ከዚያ ልጁ ቀኝ እጁን ማንሣት ሲኖርበት መምህሩ የራሱን ግራ ያነሣል፤ ልጁ ወደ ግራ መዞር ሲኖርበት መምህሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ልጁ መስታወት እያየ እንዳለ ሁሉ ዝም ብሎ ይከተላል።

"አታስብ" ይለው ነበር ኩራጂ። "ያሰብክ እንደሆነ እጅህ ይዘገያል። መስታወት ፊት ቆሞ 'የትኛው እጄ ይሆን?' የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"የለም፣ ጌታዬ።"

"በል አንገትህን ዘንበል አድርግ። ኧረ እንደሱ አይደለም! ባሏን የምትጠብቅ ሴት ነው ያልኩህ፤ አንገቱን ብርድ የመታው ሽማግሌ መቼ አልኩህ!"

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ኢሳቡሮ ኩሜኖጆ የሚል የመድረክ ስም ተሰጠው፤ ኩራጂም "ከእንግዲህ አንገትህ ይበቃል" አለው። ከመምህሩ አፍ የወጣ ምስጋና ይኸው ነው። ከዚያ ትምህርት የተረፈው አንድ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ከፊቱ የተቀመጠ ሰው አንዱን እጁን ባነሣ ቁጥር፣ የኢሳቡሮ ሌላኛው እጅ ሳያዘው ሊነሣ ይቃጣዋል።

የትያትር ቤቶቹ ባለቤቶች አንድ በአንድ አዳራሻቸውን ለፊልም ማከራየት ሲጀምሩ ቡድኑ ተበተነ። ኢሳቡሮ በከተማው ምዕራብ፣ ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ የተከፈተ ፊልም ማንሻ ግቢ ሊቀጠር መሆኑን ለመምህሩ ሊነግር ሄደ። ኩራጂ ጀርባውን ሰጠው።

"ጭቃ ላይ ልትጫወት ነው እንግዲህ።"

እውነቱን ነው። መብራቱ ፀሐይ ስለሆነ ሁሉ ነገር የሚነሣው ደጅ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ነበር። ዝናብ ሲጥል ሥራ የለም። ደመና ሲያልፍ ሟቹም ገዳዩም ጎን ለጎን ተቀምጠው ትንባሆ ያጨሳሉ። ካሜራው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ እንደ አንድ ትዕግሥተኛ ተመልካች፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ያያል። የፊልሙ ጥቅል ሲያልቅ ደግሞ አዘጋጁ "ቁሙ!" ብሎ ይጮኻል። ይህን ጊዜ ሁሉም እንደነበረ ይደርቃል። የሚሮጠው አንድ እግሩን እንዳነሣ፣ የሚያለቅሰው እጅጌው ዓይኑ ላይ እንዳለ፣ ካሜራው አዲስ ጥቅል እስኪጎርስ ድረስ መጠበቅ ነው። ከተንቀሳቀሱ ፊልሙ ላይ ሰው ከቦታ ቦታ የዘለለ ይመስላል።

አንድ ቀን በኢሳቡሮ አንገት ላይ ጎራዴ የሰነዘረው ተዋናይ "ቁሙ" ተብሎ ሳለ በጥርሱ መሃል "ኧረ ቶሎ በሉ፣ ክንዴ ዛለ" ማለት ጀመረ።

"ብትጥለው የምታገኘው አንገቴን ነው" አለ ኢሳቡሮ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ። "እባክህ ቻለው።"

በመቆም የሚስተካከለው አልነበረም። ጥቅል ቀያሪው ሆን ብሎ ቢዘገይበት እንኳ እንደ ድንጋይ ነበር። ሚስቱን ያገኘውም ቆሞ ሳለ ነው።

የዚያን ቀን የሚሠሩት ከግቢው ውጭ፣ ሴቶች ጎመን የሚያጥቡበት ትንሽ ወንዝ ዳር ነበር። ኢሳቡሮ ልጇን የቀበረች እናት ሆኖ ተንበርክኳል። አዘጋጁ "ቁሙ!" አለ። ጎመን የሞላ ቅርጫት ያዘለች ወጣት በመንገዱ ስታልፍ ቆም ብላ አየችው፤ አዘነችለትም።

"እመቤቴ" አለች በለሆሳስ፣ "አፍንጫዎ ላይ ዝንብ አለ።"

"አውቃለሁ" አላት በወፍራም የወንድ ድምፁ። "ተይው፣ ይቀመጥበት።"

ቅርጫቱ ወንዙ ውስጥ ገባ። በቦታው የነበረ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ካሜራ ያዡ ጥቅሉን ከእጁ ጣለው። ያልተንቀሳቀሰው ኢሳቡሮ ብቻ ነበር። ሲለቀቅ ኪሞኖውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና ጎመኑን አንድ በአንድ ለቀመላት። ስሟ ኦታኪ ነበር። አባቷ ጎመን በጨው እየጣለ የሚሸጥ ሰው ነው። በዓመቱ ተጋቡ፤ ኦታኪ ግን እስከ መጨረሻው ባሏን ከ"እመቤቴ" በቀር በሌላ ስም አልጠራችውም።

"እመቤቴ፣ ያንን ማሰሮ አቀብዪኝ እስቲ።"

"ጎረቤት ይሰማሻል።"

"ይስማ። ከእኔ ይልቅ ያንተን ኪሞኖ አይደል የሚያደንቁት።"

ጎመን መጣሉን ይዛው መጣች። በጓሮ ትልቅ ገንዳ አስቀምጣ፣ ክረምት ሲገባ እጇ እስኪቀላ ታጥባለች፤ ሥሩን በቢላ ትቆርጣለች፤ በጨው እየደረበች በርሜል ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ቢላ የምትይዘው በግራዋ ነበር። ልጅ ሳለች ማንኪያውንና ብዕሩን በግርፊያ ወደ ቀኝ መልሰውላት ቢላው ግን አምልጧቸዋል። "ቢላዬን ማንም አላየብኝም ነበር" ትላለች።

ኢሳቡሮ ሥራ በሌለበት ቀን ከገንዳው ማዶ ተቀምጦ ያያታል። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሲወድቅባት፣ እጇ ውሃና ጨው ስለሆነ፣ በጣቶቿ አትነካውም። የእጇን አንጓ ጀርባ ወደ ላይ ታደርግና ከቅንድቧ ጫፍ ጀምራ ወደ ጆሮዋ ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። መጨረሻ ላይ እጇ እዚያው ለአፍታ ይቆያል፤ አንድ የረሳችው ነገር ትዝ ሊላት እንደሆነ። ከዚያ ተመልሳ ወደ ጎመኗ።

"ምን ያፈጥሃል?"

"እጅሽን ነው የማየው።"

"እጅ የለህም እንዴ? አርፈህ ተቀመጥ ወይ ጎመን እጠብ።"

አርፎ ተቀመጠ። በሳምንቱ ግን ያንን እንቅስቃሴ ፊልም ላይ አደረገው። ለባሏ ሩዝ የምታጥብ ሴት ሆኖ ነበር። በሴምቦን ሰፈር ያለው ሲኒማ ቤት ተራኪ፣ ኩዋባራ የሚባል የበርሜል ያህል ወፍራም ሰው፣ ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው ከሚታይበት መጋረጃ አጠገብ ቆሞ ለሁሉም ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ለሽማግሌው በጎርናና፣ ለኩሜኖጆም በቀጭን ድምፅ ያወራል። በቀን አራት ጊዜ ያለ ዕረፍት የሚናገር ሰው ነው። እዚያች ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቁት "ምን ልጨምርበት?" አለ። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ የኩሜኖጆ ፊልም ሰው ያቺን እጅ ይጠብቅ ጀመር። ኩዋባራም በዚያች ቅጽበት አፉን ዘግቶ ሻዩን ይጎነጫል።

ኦታኪ አንድ ቀን ሄዳ አየች። ስትመለስ ኢሳቡሮ በር ላይ ጠበቃት።

"እንዴት ነበርኩ?" አላት።

"እኔ ነኝ እንዴ እሷ?"

"ሌላ ማን ልትሆን?"

"እኔስ እኔ ነኝ" አለች አሰብ አድርጋ። "ግን ራሴን ውሃ ውስጥ እንዳየሁ ነገር ሆነብኝ። እንጃ። ሩዙን ደግሞ አላጠብከውም፤ ነካ ነካ ነው ያደረግከው። ከዚያ ቤት ሩዝ አልበላም።"

ናኦ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ መቆም እንደቻለች ከእናቷ ጎን፣ ከገንዳው አንድ ወገን፣ ተደግፋ በሁለት ቅጠል ጎመን ስትጫወት ትውላለች።

ንጉሠ ነገሥት ታይሾ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በመጸው፣ ያ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ ጉንፋን ወደ ሰፈሩ ገባ። ኦታኪ ሰኞ ጎመኑን በጨው ደርድራ ድንጋይ ጫነችበት። ማክሰኞ ራሴን አለች። ሐሙስ የለችም። ናኦ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ያን በርሜል ጎመን ክረምቱን ሙሉ በሉት። የካቲት ላይ አለቀ። ኢሳቡሮ በርሜሉን አጥቦ ፀሐይ ላይ ደፋውና ወደ ሥራው ሄደ።

ፎቶግራፏ አንድ ብቻ ነበር፣ የሠርጉ። ፎቶ አንሺው ሲያነሣት ዓይኗን ጨፍናለች። ይህንን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያየው ነገር ቢያጣበት መልሶ አወረደው።

አንድ የእሑድ ከሰዓት በሴምቦን ሲያልፍ ናኦን ከሲኒማ ቤቱ ስትወጣ አገኛት። በረኛው የኩሜኖጆ ልጅ መሆኗን ስለሚያውቅ በነጻ ያስገባታል። ስምንት ዓመት ሆኗታል።

"ስንት ጊዜሽ ነው ይህን ፊልም ስታዪ?"

"ስድስቴ።"

"ቤት አለሁልሽ አይደል፤ እኔን ለማየት ሲኒማ ቤት መሄድ ምን አስፈለገ?"

ናኦ የጫማዋን ገመድ ታይ ነበር። "አንተን አይደለም" አለች። "ፀጉሯን ስትመልስ እማዬን ልትመስል ትደርሳለች። ልትደርስ ስትል ነው የሚያልፈው።"

እጇን ይዞ ወደ ቤት ወሰዳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በሚሠራው ፊልም ሁሉ፣ ታሪኩ ቢፈቅድም ባይፈቅድም፣ ያቺን እጅ የሚያስገባበት ቦታ ይፈልጋል። ገረድ ሲሆን፣ ንግሥት ሲሆን፣ ጋኔን ሆኖ ከጉድጓድ ሲወጣ ጭምር።

"ጋኔን ፀጉሩን ምን ያስተካክላል?" ብሎ አዘጋጁ ተቆጣው።

"ሴት ጋኔን ናት" አለ ኢሳቡሮ።

የፊልሙን ዕድሜ አያውቅም ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት በየገጠሩ ከዞረ በኋላ ዝናብ የሚጥልበት እስኪመስል ይጫጫራል፤ ከዚያ ይቆራርጡትና በየቤተ መቅደሱ በዓል የልጆች መጫወቻ ከሚሸጡት ዘንድ ይገባል። አንድ ጊዜ ስንዝር በምታህል ቁራጭ ላይ የራሱን ፊት አይቷል። ስለዚህ አዲስ መሥራት ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ። እሱ ሴት ሆኖ እስከሠራ ድረስ የኦታኪ እጅ ከመጋረጃው አይጠፋም። ስሌቱ ይኸው ነበር።

በታይሾ አሥራ አንደኛ ዓመት አዲሱ አዘጋጅ ሺባታ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል መጥቶ ከበሩ ጎን ተቀመጠ። ከኢሳቡሮ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው።

"ጋሼ ኩሜኖጆ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ቸግሮኛል።"

"ከተቸገርክ ቶሎ በለው።"

"ከሚቀጥለው ፊልም ጀምሮ ሴቷን ሴት ነው የምትጫወተው። ቶኪዮዎቹ ጀምረውታል። አለቆቹም ወስነዋል።"

ኢሳቡሮ ዊጉን ያበጥር ነበር፤ ማበጠሩን አላቋረጠም። "አንድ ፊልም ብቻ ስጠኝ። ይህችን፣ የጎመን ሻጯን። ቀድሞ ለእኔ የተባለች ናት።"

"ካሜራው እየቀረበ ነው፣ ጋሼ። እንደ ድሮው ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሲቀርብ..." ሺባታ ሳያስበው የገዛ ጉሮሮውን ነካ። "ማንቁርትዎ ይታያል።"

ይህን ጊዜ ማበጠሩን አቆመ። ማንቁርቱን በሻሽ ሊሸፍነው ይችላል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱን ግን በምን ይሸፍነዋል?

"የአባት ሥራ ይሰጥዎታል፣ የሽማግሌም" አለ ሺባታ። "አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። ልጅቷ ቴሩዮ ትባላለች፤ ከዳንስ ቤት ነው ያመጣናት። ቆንጆ ናት፤ ግን ስትራመድ ትራም ሊያመልጣት የደረሰ ነው የምትመስለው። እስቲ ያችን እጅዎን ያስተምሯት። ሰዉ ለእጅዎ ብሎ ነው የሚመጣው።"

ወደ ቤት ሲሄድ በሁለት ነገር መሃል ነበር። የኦታኪን እጅ ለማያውቃት ልጅ መስጠት አንጀቱ አልቻለም። ካልሰጠ ደግሞ ከመጋረጃው ትጠፋለች፤ ከመጋረጃው ከጠፋች ሌላ የምትታይበት ቦታ የለም። እራት ላይ ለናኦ ነገራት። አሥር ዓመቷ ነው፤ ነገር ይገባታል።

"ታዲያ እማዬስ?" አለች ናኦ።

"እሱን ነው የማስበው።"

"ሌላዋ ሴትዮ ታውቅበታለች?"

"አስተምራታለሁ" አለ። ይህን ባለ ጊዜ መወሰኑን አወቀ።

ቴሩዮ በማግስቱ ጠዋት መጣች። ፀጉሯ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ኢሳቡሮ ወደ ጓሮ ወሰዳት፤ ናኦ ከትምህርት ቤት በፊት የምታጥበው ጎመን ገንዳው ውስጥ ነበር። ከእናቷ ሞት በኋላ ሥራው ወደ እሷ ዞሯል።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለች ቴሩዮ እየሳቀች፣ "እናቴ ስትሰማ ምን እንዳለች ልንገርዎት? 'ሃያ ዓመት ሴት ሆነሽ ኖረሽ አንድ ወንድ ሴትነት ሊያስተምርሽ ነው?' አለችኝ።"

"እናትሽ ልክ ናት። እጅሽን ውሃ ውስጥ አግቢ።"

"ኡይ! በረዶ ነው እኮ!"

"በረዶ ነው። አሁን ፀጉርሽ ግንባርሽ ላይ ወደቀ እንበል።"

ቴሩዮ በጣቶቿ መለሰችው፤ ውሃው በአፍንጫዋ ወረደ። ናኦ ከጎኗ ቁጢጥ እንዳለች ሳቋን ዋጠች። ኢሳቡሮ ከወገብ በላይ ቀጥ ብሎ በቀኝ እጁ፣ እንደ ፊልሙ አድርጎ፣ አሳያት። ቴሩዮ ሞከረች፤ ከፊቷ ስለተቀመጠ ግራ ገባት፣ አንዴ ይህን እጅ አንዴ ያንን አነሣች። እሱም ደግሞ አሳያት፤ አሁንም ተምታታባት።

"ዝንብ የምትመታ መሰልሽ" አላት። ይህን ሲል የኩራጂን ድምፅ ከገዛ አፉ ሰማ። "በይ አታስቢ። እኔ መስታወትሽ ነኝ፤ ዝም ብለሽ ተከተይኝ።"

እሷ ቀኟን እንድታነሣ እሱ ግራውን አነሣ። መምህሩ ያደርግ እንደነበረው፣ እጁ ራሱ ተገለበጠ። የአንጓውን ጀርባ ከቅንድቡ ጫፍ ወደ ጆሮው ወሰደው፤ መጨረሻ ላይ ለአፍታ አቆየው።

ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ጠብ አለ። ናኦ የያዘችውን ጎመን ለቃዋለች።

"አባዬ" አለች። "ድገመው።"

"ምን ሆንሽ?"

"አሁን እማዬን መሰልክ።"

"ቅድምስ አሳይቼ የለም?"

"ቅድም በዚያኛው እጅህ ነዋ። እማዬ በዚህኛው ነበር።" ከገንዳው ዳር ያለችበትን ቦታ፣ የጥንት ቦታዋን፣ አየት አደረገች። "ከጎኗ ስቀመጥ ክንዷ በእኔ በኩል ነበር። ሁልጊዜ ውሃው እኔ ላይ ይንጠባጠባል። ፊልምህ ላይ ግን ግልብጥ ነው። እኔ ሲኒማ ሁሉን ነገር የሚገለብጥ መስሎኝ ነበር።"

ኢሳቡሮ ግራ እጁን ግንባሩ አጠገብ እንዳደረገ ቀረ። ከገንዳው ማዶ የተቀመጠባቸው እነዚያ ቀኖች ሁሉ ትዝ አሉት። ፊት ለፊት ቆሞ የተማረ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ አያት፤ ግራዋን በቀኙ ያዘው። ቢላዋን በግራ እንደምትይዝ ያውቃል፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ቢላዋንና ፀጉሯን ግን አንድ ቀን አገናኝቷቸው አያውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት በተሳሳተ እጅ ሲሠራ፣ ከተማው ሲያደንቅ፣ ኩዋባራ ዝም ሲል፣ እውነቱን ያወቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ራሴን ውሃ ውስጥ ያየሁ መሰለኝ ብላው ነበር። ሌላዋ ስድስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ልትደርስ ስትል የምታልፈውን ስትጠብቅ ከርማለች።

"ታዲያ በየትኛው ላድርገው?" አለች ቴሩዮ፣ ሁለት ቀዝቃዛ እጆቿን አየር ላይ ይዛ።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ናኦ የጣለችውን ጎመን ልታወጣ ጎንበስ አለች። ፀጉሯ ወደቀባት። እጇ እርጥብ ነበርና የግራ አንጓዋን ጀርባ ወደ ላይ አድርጋ ከቅንድቧ ጫፍ እስከ ጆሮዋ ገፋችው፤ እጇ እዚያ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ውሃው ተመለሰ። ምን እንዳደረገች አላወቀችም። ጎመኑን እያራገፈች ነበር።

"መምህር?"

"በሚመችሽ አድርጊው" አለ ኢሳቡሮ እጁን ከግንባሩ አውርዶ። "አንቺ ቤትሽ ውስጥ እጅሽ እርጥብ ሆኖ ፀጉርሽ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።"

ቴሩዮ አፈረች። "ቢስቁብኝስ?"

"እኛ ነን ያለነው።"

የታች ከንፈሯን አውጥታ ወደ ላይ እፍ አለችው። ፀጉሩ ተነሥቶ መልሶ እዚያው ወደቀ፤ ደግማ እፍ አለች። ናኦ በዚህኛው ጊዜ ሳቋን መዋጥ አልቻለችም።

"እሱን አድርጊ" አላት ኢሳቡሮ።

ሺባታ መጀመሪያ ተቆጣ፤ "ያችን እጅ ነበር ያልኩዎት" አለ። ፊልሙ ሲታይ ግን ቴሩዮ እፍ ባለች ቁጥር ሴምቦን ያለው አዳራሽ በሳቅ ስለሚናወጥ ነገሩን ተወው። ኢሳቡሮ በዚያ ፊልም የጎመን ሻጯ አባት ነበር። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጢም ተለጥፎለት፣ ከጀርባዋ ተቀምጦ ሰሌን ይሠራል። ብዙ ሰው እሱ መሆኑን አላወቀም።

ኩዋባራ ግን አውቆታል። በወሩ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሆዱን እያሸ ቆመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ለጢምህ ምን ዓይነት ድምፅ እንደምሰጠው ጠፍቶኛል። ያቺ እጅስ የት ገባች? ሻይ የምጠጣበት ጊዜ አሳጣኸኝ እኮ።"

"ቤት ናት" አለ ኢሳቡሮ።

"ተመልሳ አትወጣም?"

"አትወጣም። ሥራ አላት።"

ኩዋባራ ምንም አልገባውም፤ ግን ሥራው ሲናገሩ መዋል ስለሆነ ዝም ማለት የሚገባበትንም ቦታ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ተሰናበተው።

ክረምቱ ሲገባ ኢሳቡሮ እሑድ ጠዋት ጓሮ ወጥቶ ከገንዳው አጠገብ ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ከማዶ ሳይሆን ከናኦ ጎን፣ በግራዋ በኩል። ጎመን የማጠብ ችሎታው ከድሮው አልተሻሻለም፤ ነካ ነካ ያደርጋል።

"አባዬ፣ አሸዋው አልወጣም እኮ። ይህን ማን ይበላዋል?"

"እንዳንቺ ያለ ሰው ድሮም አልበላም ብሎኛል" አለ።

የሰማችውም አልመሰለም። ፀጉሯ ወደቀባት። ኢሳቡሮ አስቀድሞ አየው። ልንገራት ቢል፣ አንዴ ከነገራት እጇን ማየት ትጀምራለች፤ ማየት ከጀመረች ደግሞ እጇ ይዘገያል። ስለዚህ ምንም አላለም። ክንዷ ሲነሣ ቀዝቃዛው ውሃ በእጅጌው ላይ ተንጠባጠበ፤ ናኦ እስክትጨርስ ድረስ፣ ጥቅል እንደሚቀየርለት ተዋናይ፣ እንደነበረ ቆየ።